ከሆስፒታል ከወጡ በኋላስ? ለጭንቅላት ጉዳት አስታማሚዎች የምርጫ ማወዳደሪያ

ታናሽ ወንድሜ ሴራሚክ ለጣፊ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከስካፎልዲንግ ላይ ወድቆ 19 ቀን ሆስፒታል ተኛ። በ20ኛው ቀን ጠዋት ነርሷ መጥታ «ዛሬ ትወጣላችሁ» አለችን። እናቴ እልል ልትል ስትል አጠገባችን ያለውን አልጋ አየችና ዋጥ አደረገችው። ወረቀቱን ፈረምን፣ ታክሲ ውስጥ ገባን፣ በሩ ተዘጋ። ያኔ ነው የገባን። ልጁ ስማችንን አያውቅም። ግራ እጁ አይታዘዝም። ውኃ ሲጠጣ ትን ይለዋል። ቤት ወስደን ምን ልናደርገው ነው?

እስኪመሽ ድረስ ቤቱ በመፍትሔ ሞላ። አንዱ ዘመድ «ሕንድ ውሰዱት፣ እዚህ ምንም የለም» አለ። አክስቴ ጸበል አለች። ጎረቤታችን ቤት ድረስ የሚመጣ ፊዚዮቴራፒስት ታውቃለች። አሜሪካ ያለው አጎታችን «ለአንጎል የሚሆን» ቪታሚን በሰው ላከ። እኛም ሁሉንም በአንዴ ሞከርን። በሁለት ወር የነበረን ብር አለቀ፣ የተበደርነውም ተከተለ። ልጁ ግን ገና መንገዱን መጀመሩ ነበር።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ምርጫዎች የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው። ይሄ ነገር ሁለት ዓመት ያዘልቀናል ወይ? ሁለት ዓመት ያልኩት ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። ከከባድ የአንጎል ጉዳት በኋላ ለውጡ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው። ከዚያ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም፤ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረ «ቲቢአይ ሞዴል ሲስተምስ» የሚባል የምርምር ፕሮግራም አለ። ጉዳት የደረሰባቸውን ሰዎች በ1ኛው፣ በ2ኛውና በ5ኛው ዓመት፣ ከዚያም በየ5 ዓመቱ እየፈለገ እንዴት ናችሁ ይላቸዋል። በሁለት ወር የሚያልቅ ነገር ቢሆን ማን ይህን ያህል ይለፋ ነበር?

መጀመሪያ ወረቀቱን ያዙ

ከሆስፒታል ሳትወጡ ሦስት ነገር ተቀበሉ። የመውጫ ማጠቃለያውን፣ የመድኃኒቶቹን ዝርዝር ከነመጠኑ፣ እና የሲቲ ስካኑን ሲዲ። ፊልሙን በስልክ ፎቶ ማንሳት አይበቃም። በኋላ ሌላ ሐኪም፣ አገር ውስጥም ሆነ ውጭ፣ በደንብ የሚያነበው ከሲዲው ነው።

ማጠቃለያው ላይ «ጂሲኤስ» የሚል ከቁጥር ጋር ታገኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1974 ግላስጎው ከተማ ውስጥ የወጣ የንቃት መለኪያ ነው። ዓይን መግለጥን፣ መናገርንና መንቀሳቀስን ደምሮ ከ3 እስከ 15 ይሰጣል። ከ13 እስከ 15 ቀላል፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ 8ና ከዚያ በታች ከባድ ይባላል። የወንድሜ 7 ነበር። «ቀላል» የሚለው ቃል ግን እንዳያዘናጋችሁ። በሐኪም ቋንቋ ቀላል ተብሎ ለወራት ራስ ምታት፣ መርሳትና ብርሃን መጥላት የሚያሰቃየው ሰው ብዙ ነው። ቁጥሩ የመጀመሪያውን ቀን ይናገራል። የሚቀጥለውን ዓመት ብቻውን አይተነብይም።

ሆስፒታል እንቆይ ወይስ ቤት?

ይሄ ብዙ ጊዜ የእኛ ምርጫ አይደለም፤ አልጋ ይፈለጋል። ግን ልትከራከሩ የሚገባችሁ ጊዜ አለ። ትኩሳት ካልለቀቀው፣ የሚጥለው ነገር ካልተገታ፣ ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ ንጹሕ ፈሳሽ ከወረደ፣ ወይም እንዴት እንደሚበላ ማንም ካላሳያችሁ «አንወጣም፣ አሳዩን» በሉ። ሌላው ከተረጋጋ ቤት ይሻላል። ሆስፒታል ኢንፌክሽን አለ፣ ጫጫታ አለ። የተጎዳ አንጎል ጫጫታ አይችልም።

ቤት ስትመጡ ግን ነርሷ እናንተ ናችሁ። ራሱን መገልበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ይቀየራል፣ ሌሊትም ጭምር። አለበለዚያ የአልጋ ቁስል ይመጣል፤ የአልጋ ቁስል ደግሞ ያተረፋችሁትን ሰው ሊነጥቃችሁ ይችላል።

ምግብ ላይ እኛ ትልቅ ስህተት ሠርተናል። አቅም ይሁነው ብለን ቀጠን ያለ አጥሚት በኩባያ እንግተው ነበር። ለካ መዋጥ ለተቸገረ ሰው አደገኛው ቀጭኑ ነገር ነው። ውኃ፣ ሻይ፣ ቀጭን አጥሚት በፍጥነት ወርዶ ሳንባ ይገባል፣ የሳንባ ምች ያመጣል። ለስለስ ብሎ ወፈር ያለው፣ እንደ ለስላሳ ገንፎ ያለው፣ ለብዙዎች ይሻላል። ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ በትንሽ ማንኪያ፣ አንዱን ሳይውጥ ሌላውን አይጉረስ። ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት አይተኛ። እየበላ ካሳለ ወይም ድምፁ ውኃ ውኃ ካለ አቁሙና ሐኪም ጠይቁ። በአፍንጫው ቱቦ ያለው ከሆነ በአፉ ምንም አትስጡ፣ እስኪፈቀድ።

ፊዚዮቴራፒ፦ መንግሥት ሆስፒታል፣ የግል ክሊኒክ ወይስ ቤት ለቤት?

ገንዘቡም ጊዜውም የሚሄደው እዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

የመንግሥት ሆስፒታል ተመላላሽ ሕክምና ርካሽ ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካርድ ካላችሁና ሪፈር በሥርዓቱ ከተጻፈ የበለጠ ይቀላል። ባለሙያዎቹም ብዙ ዓይነት ታካሚ ያዩ ናቸው፤ የአንጎል ቀዶ ሐኪሙም እዚያው ግቢ ነው። ችግሩ ወረፋውና መንገዱ ነው። እኛ ለ25 ደቂቃ ሕክምና ሦስት ሰዓት መንገድና ወረፋ ላይ እናሳልፍ ነበር። ልጁ ገና ሳይጀምር ይደክመዋል፣ አልጋው ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። ድካሙ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። የተጎዳ አንጎል ታክሲ ተራውን፣ ጩኸቱን፣ ሰዉን ሲያጣራ ብቻ ነዳጁን ይጨርሳል።

የግል ክሊኒክ ቀጠሮ ያከብራል፣ መሣሪያ ይኖረዋል። ግን ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። በሳምንት 3 ጊዜ ማለት በስድስት ወር 78 ጊዜ ነው። የአንዱን ቀን ዋጋ በ78 አባዙት፣ የኮንትራት ታክሲውን ጨምሩበት። ቁጥሩን ካያችሁ በኋላ ትንሽ ቁጭ በሉ።

ቤት ለቤት የሚመጣ ባለሙያ በአንድ ቀን ሲታይ ውድ ነው፤ በወር ሲታይ ግን ሊረክስ ይችላል። መጓጓዣ የለም፣ ታማሚው ጉልበቱን አያባክንም። ዋናው ጥቅሙ ደግሞ የሚሠራው በራሳችሁ ቤት ላይ መሆኑ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ለስላሳ ወለል ላይ የሚራመድ ሰው እኛ ግቢ ካለው ሽንት ቤት ደፍ አያልፍም ነበር። የመጣው ባለሙያ መጀመሪያ ያስተካከለው ያንን ደፍ ነው። አንድ የብረት መያዣ አስበየደን፣ ወንድሜ ብቻውን መግባት ጀመረ። በሁለት ወር የክሊኒክ ክፍያ ያላገኘነውን በአንድ በያጅ አገኘነው።

ጉድለቱ ደግሞ የባለሙያው ዓይነት መለያየቱ ነው። ማሳጅ የሚችል ሁሉ ራሱን ፊዚዮቴራፒስት ይላል። ሲመጣ የሙያ ፈቃዱን ጠይቁ፣ ነውር የለውም። «በአራት ሳምንት ምን እንዲችል ነው የምንሠራው?» በሉት። ደህናው ባለሙያ «ያለ ድጋፍ ከወንበር እንዲነሳ» ዓይነት መልስ ይሰጣል። ቅባት ቀብቶ፣ እግር አሽቶ፣ ሒሳብ ተቀብሎ የሚሄደውን አሰናብቱ። ወደ ኩሽና ጠርቶ እህታችሁን «ነይ፣ አንቺ አድርጊው እስቲ፣ ልይሽ» የሚለውን ያዙት። የእሱ 45 ደቂቃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ የእናንተ እጅ በየቀኑ ነው። የእጅና የእግር ጅማት እንዳያጥር፣ ጣቶች ጨብጠው እንዳይደርቁ የሚያደርገው የየቀኑ ነው።

የእኔ ምርጫ ቅልቅል ነው። ለመጀመሪያ ሁለት ሦስት ወር በሳምንት ሁለት ቀን ቤት ለቤት፤ ከዚያ በሳምንት አንድ፤ በወር አንዴ ደግሞ ተመላላሽ ክፍል ሄዶ መታየት። እንዲህ ከሆነ ብሩ ይደርሳል።

የንግግርና የዕለት ተዕለት ኑሮ ሕክምና አገራችን ላይ ሳሳ ያለ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከፊዚዮቴራፒ ሌላ የኦኩፔሽናል ቴራፒ፣ ማለትም የዕለት ተዕለት ኑሮ ሕክምና፣ ትምህርትም ከፍቷል፤ ባለሙያው ግን ገና እፍኝ ነው። ካገኛችሁ አትልቀቁት። ካጣችሁ ሥራውን በቤታችሁ አስመስሉት። ለእኛ የረዳን ቡና ነው። ቡና ማፍላት ቅደም ተከተል ነው። ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ጀበና መጣድ፣ ስኒ መቁጠር። ወንድሜ ድሮ ቡና አፍልቶ አያውቅም፣ እናቴም «ወንድ ልጅ?» ብላ ሳቀች። በመጀመሪያው ሳምንት ሳይቆላ ሊወቅጥ ነበር። ሰው አጠገቡ መቀመጡ ግድ ነው፤ እሳትና የሚጥል በሽታ አብረው አይሆኑም።

ለመርሳት ደግሞ የእጅ ስልክ ማንቂያ ከብዙ ውድ «የማስታወስ ልምምድ» ይበልጣል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት 143 የማስታወስ ችግር ያለባቸውን ሰዎች በፔጀር፣ አጭር መልእክት በሚቀበል የኪስ መሣሪያ፣ «መድኃኒትህን ዋጥ፣ በሩን ቆልፍ» እያሉ አስታውሰው አይተዋል። ጥናቱን ከጨረሱት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት በግልጽ ተሻሽለዋል። ዛሬ ፔጀሩ ኪሳችን ውስጥ ነው። በአማርኛ «ክኒን፣ 2 ሰዓት» ብላችሁ ሙሉት።

አስታማሚ፦ ዘመድ ወይስ ቅጥር?

ዘመድ ያውቀዋል፣ ይታገሠዋል፣ ግን ይደክማል። ቅጥር አስታማሚ ይተካል፣ ግን የሚያስታምመውን ሰው ከጉዳቱ በፊት አያውቀውም። ስድቡን እንደ ስድብ ይወስደዋል።

ይሄን በደንብ ልንገራችሁ። የአንጎል የፊት ክፍል ሲጎዳ ሰው ይለወጣል። ዝምተኛው ይሳደባል፣ ትጉው ካልነኩት አይነሳም፣ ጨዋው የማይባል ነገር ይናገራል። መንደር ውስጥ «ዛር ነው»፣ «ልክፍት ነው»፣ «አውቆ ነው» ይባላል። አውቆ አይደለም፤ ፍሬኑ ተበጥሶ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ነገር በጥብቅ እላለሁ። እንዲህ የሆነ ወንድ ቤት ውስጥ ካለ ገና ልጅ የሆነች የቤት ሠራተኛ ብቻዋን አስታማሚ አታድርጉ። ለእሷም ለእሱም አይበጅም።

የምመክረው በፈረቃ ነው። ዋና አስታማሚዋ፣ ያው ብዙ ጊዜ እናት ወይም እህት ናት፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ከቤት ትውጣ። ገንዘባችሁ ለሙሉ ቅጥር ካልበቃ ለዚያች አንድ ቀን ብቻ ሰው ቅጠሩ። ዘመድ «ምን ላግዝ?» ሲል «ብር ስጠን» አትበሉት፣ «ቅዳሜ ከ3 እስከ 9 ሰዓት ና» በሉት። ዕድርተኛ ለለቅሶ ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ለሕያው ሰው አንድ ከሰዓት ማግኘት አይከብድም።

ለታማሚውም ሐዘን ተዘጋጁ። ሲያትል ውስጥ 559 ሰዎች ላይ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት በመጀመሪያው ዓመት 53 በመቶዎቹ ከባድ ድባቴ እንደያዛቸው አሳይቷል። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። እንቅልፉ ከጠፋ፣ ምግብ ከጠላ፣ «ለምን ተረፍኩ» ካለ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። አረቄና ጠላም ከዚህ ቤት ይውጡ። ያን ጊዜ አንድ መለኪያ ለወንድሜ እንደ አምስት ነበረች።

ውጭ አገር እንውሰደው?

ሕንድ፣ ባንኮክ፣ ቱርክ። ይህ ጥያቄ ቤተሰብ ያጣላል። ላለመውሰድ ያመነታ ሰው «ብር ስለሳሳህ ነው» ይባላል።

መጀመሪያ «እዚህ ምንም የለም» የሚለውን እናስተካክል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ዛሬ የራስ ቅል ከፍቶ ደም ማውጣት፣ ፈሳሽ ማስወረጃ ቱቦ መትከል፣ በቀዶ ሕክምና የተነሳውን የራስ ቅል አጥንት መመለስ አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራል። ጥቁር አንበሳ፣ የጳውሎስ አካል የሆነው አቤት ሆስፒታል፣ ዘውዲቱ፣ የኮሪያ ሆስፒታል የምንለው ሚዩንግሰንግ፣ ሁሉም የሚታወቁ ናቸው።

ውጭ መሄድ የሚያዋጣው ስም ያለው አንድ ነገር ሲኖር ነው። የእናንተው ሐኪም «ይህ ቀዶ ሕክምና ወይም ይህ ምርመራ እዚህ የለም፣ እዚያ አለ» ብሎ ከጻፈ አስቡበት። «ለአጠቃላይ ተሃድሶ» ከሆነ ግን እኔ አልሄድም። ሦስት ምክንያት አለኝ።

አንደኛው ቋንቋ ነው። ንግግሩ የጠፋበት ሰው ቃላቱን መልሶ የሚያገኘው በእናቱ ቋንቋ ነው። በሂንዲና በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የንግግር ልምምድ «ውኃ ስጪኝ» ማለት ላቃተው ልጅ ምን ይፈይዳል? የማስታወስ ፈተናውም ቢሆን በማያውቀው ቋንቋ ከተሰጠ ጤነኛውን ሰው ሁሉ በሽተኛ ያደርገዋል። ሁለተኛው ሒሳቡ ነው። የሁለት ሰው ትኬት፣ የቤት ኪራይ፣ የአንድ ወር ሕክምና ደምሩ። ያንን ብር አዲስ አበባ ላይ ለቤት ለቤት ባለሙያ ብታውሉት ስንት ወር ይሆናል? ሦስተኛው መመለሱ ነው። እዚያ በመሣሪያ የተራመደው ሰው የሚመለሰው ወደዚያው ደፍ ነው።

ከወሰናችሁ ግን ሰው ከመላካችሁ በፊት ሲዲውን ላኩ። የሚቀበላችሁ ሐኪም አይቶ ምን እንደሚሠራና ስንት እንደሚያስከፍል በጽሑፍ ይስጣችሁ። የውጭ ምንዛሪ ለመጠየቅ የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ሊያስፈልግ ስለሚችል ባንካችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። በቅርቡ ጭንቅላቱ የተከፈተ ሰው ደግሞ ያለ ቀዶ ሐኪሙ ፈቃድ አይሮፕላን ላይ አይወጣም። ራስ ቅል ውስጥ የቀረ አየር ከፍታ ላይ ይሰፋል።

ደላላ «ሙሉ በሙሉ ይድናል» ካላችሁ ስልኩን ዝጉት።

ጸበልና ሕክምና

እኔ ሁለቱን አላጣላም። እናቴ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ይዛው ሄዳለች፤ እሷን ያቆማት ጸበሉ ነው፣ ልጁንም ሰላም ሰጥቶታል። ማወዳደር ያለባችሁ «ይህ ወይስ ያ» እያላችሁ ሳይሆን እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ ሊያንፈራግጥና ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ፣ በሰዓቱ ስጡት። አጥንቱ ተነስቶ ገና ላልተመለሰለት ሰው ጭንቅላቱ ላይ ውኃ በኃይል አይውረድበት፣ ግፊያ ውስጥም አይግባ። የራሱን ሚዛን የማይጠብቅ ሰው እርጥብ ድንጋይ ላይ ተይዞ ይቁም። መታሰርና መመታት ያለበት ቦታ ከሆነ ግን ይዛችሁት ተመለሱ። ስለ ጾሙ ካህኑን ጠይቁ፤ በሽተኛ አይገደድም።

ስለ መድኃኒቶችና «አዲስ ግኝቶች»

ብራችን ብዙ የፈሰሰው እዚህ ነው። ለአንጎል ይጠቅማል ተብሎ የሚታዘዝ ሲቲኮሊን የሚባል መድኃኒት አለ። አሜሪካ ውስጥ 1,213 ሰዎች ላይ ለ90 ቀን ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ ወጣ። ከባዶ ክኒን፣ መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ፣ የተለየ ነገር አላመጣም። እኛ ስድስት ወር ገዝተነዋል።

ምርምር አንዳንዴ የሚያድነው «አትስጡ» በማለት ነው። ለዓመታት ለጭንቅላት ጉዳት ስቴሮይድ የሚባል እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ይሰጥ ነበር። ክራሽ የተባለው ትልቅ ጥናት ከ10,000 በላይ ታካሚዎችን አይቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ስቴሮይዱ ሞትን እንደሚጨምር ደረሰበት። ተከታዩ ጥናት፣ ክራሽ 3፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል ደም የሚያቆም ርካሽ መድኃኒት በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ በቀላልና በመካከለኛ ጉዳት ሞትን እንደሚቀንስ አሳየ። ለእናንተ አሁን ሰዓቱ አልፏል፤ ለሚቀጥለው ሰው ግን ይጠቅማል።

ዓይኑን ገልጦ ገና ያልነቃ ሰው ካላችሁ አማንታዲን ስለሚባለው መድኃኒት ሐኪማችሁን ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የ184 ሰዎች ጥናት በተሰጠባቸው አራት ሳምንታት መሻሻሉን እንዳፋጠነ አሳይቷል። ያለ ሐኪም ግን አይነካም። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውንም አንድ ቀን ጠይቁ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ፌኒቶይን ጥሎት ለማያውቅ ሰው ለመከላከያ ሲሰጥ ጥቅሙ የታየው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። «ይህን እስከ መቼ ይወስዳል?» ማለት መብታችሁ ነው። በራሳችሁ ማቆም ግን መብታችሁ አይደለም።

የኦክስጅን ታንክ ውስጥ መተኛትም ይሸጣል። የአሜሪካ ጦር ቀላል ጉዳት ባለባቸው ወታደሮቹ ላይ አስጠንቶት ከማስመሰያው የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። ስለ ስቴም ሴል፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ ስለሚችለው ሕዋስ፣ ደግሞ እውነተኛ ዜና አለ። ጃፓን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 አኩጎ ለተባለ በቀዶ ሕክምና በቀጥታ ወደ አንጎል ለሚገባ የሕዋስ ሕክምና፣ ለቆየ የሰውነት አለመታዘዝ፣ በገደብ ፈቃድ ሰጥታለች። ይህ ማለት ግን ክንድ ላይ በመርፌ እንሰጣለን የሚለው ክሊኒክ ያው ነገር አለው ማለት አይደለም።

ምርምር ውስጥ ግቡ የሚላችሁ ሰው ከመጣስ? ሐቀኛውን ከነጋዴው መለየት ቀላል ነው። ሐቀኛው ለሚሞከረው ነገር አያስከፍላችሁም። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያሳያል። ስምምነቱን በሚገባችሁ ቋንቋ ያነብላችኋል። «ባዶው ክኒን ሊደርሳችሁ ይችላል» ይላችኋል፣ በፈለጋችሁ ቀንም ያለ ቂም ትወጣላችሁ። እንዲህ ከሆነ እኔ እገባለሁ። የሚሞከረው ነገር ባይሠራ እንኳ የሚተርፋችሁ ጥቅም ቀጠሮ አለማጣታችሁ፣ የሚከታተላችሁ ሰው መኖሩ ነው።

ውጭ ለምትኖሩ

አሜሪካ ከሆናችሁ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። የ12 ዓመት ልጃችሁን የአባቱን ሲቲ ስካን አታስተርጉሙት። እስራኤል ያላችሁ የተኛ ሰው ከመውጣቱ በፊት ራዓናና ስላለው ሎዌንሽታይን የተሃድሶ ሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛዋን ጠይቁ። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመ ሄድዌይ የሚባል ማኅበር አለ። ከ2017 ጀምሮ ባለጉዳቱ የሚይዘው መታወቂያ ካርድ ይሰጣል፤ ፖሊስ ሰክሯል ብሎ እንዳይዘው። እኔ ሐሳቡን ወስጄ ለወንድሜ አሠራሁለት። «የጭንቅላት ጉዳት አለብኝ፣ አልሰከርኩም» ይላል፣ ከሥሩ የእኔ ስልክ። በፕላስቲክ አስለብሼው ኪሱ ውስጥ አለ። ሁለት ጊዜ አገልግሏል።

ከዓረብ አገር የምትመለስ እህት ካለቻችሁ ደግሞ አይሮፕላን ሳትሳፈር የሕክምና ወረቀቷና ሲዲዋ እጇ ይግባ። ከመጣች በኋላ ማግኘት መከራ ነው።

የሕመም ፈቃድ ወይስ የሥራ ላይ ጉዳት?

ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሁለቱ መንገዶች በጣም ይለያያሉ። ተራ የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ 6 ወር ነው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ተብሎ ከተመዘገበ ግን የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ፣ ቀጣዮቹ 3 ወራት 75 በመቶ፣ ከዚያ 6 ወራት 50 በመቶ ነው፤ የሕክምናው ወጪም በአሠሪው ላይ ነው። ስለዚህ የሆስፒታሉ የመጀመሪያ ወረቀት ላይ «ከቤት ወድቆ» ተብሎ እንዳይጻፍ። ከሥራ ቦታ ወድቆ ከሆነ እንደዚያው ይጻፍ። አብረውት የነበሩትን ሠራተኞች ስልክ በዚያው ሳምንት ያዙ፤ ሳይቱ ካለቀ ይበተናሉ። መኪና ገጭቶት ከሆነ የፖሊስ ሪፖርቱና የሦስተኛ ወገን መድኑ ይቀድማል።

ወንድሜ የተቀጠረው በአፍ ነበር። አንድ ሠራተኛ መሰከረልን፣ ሌሎቹን አላገኘናቸውም። የተወሰነ ብር አገኘን፣ የተወሰነው ቀረ።

ወደ ሥራ ሲመለስም ምርጫ ነበረብን። ወደ ድሮው ሳይት ይመለስ ወይስ ሱቅ እንክፈትለት? ስካፎልዲንግ ሚዛኑ ለተናጋና ጥሎት ለሚያውቅ ሰው አይሞከርም። ሱቅ ደግሞ መልስ መስጠት ይጠይቃል፤ የ100 ብር መልስ ያምታታዋል። እጁ ግን ሴራሚኩን አልረሳም። ስለዚህ መሬት ላይ፣ በቀን ሦስት ሰዓት፣ ከሰው ጋር እንዲሠራ አደረግን። ባለፈው ወር የቤታችንን መታጠቢያ ወለል ለጠፈ። የአጎታችን ልጅ ይለካል፣ እሱ ይለጥፋል። ድሮ በአንድ ቀን የሚጨርሰው አምስት ቀን ፈጀበት። በሩ አጠገብ ያለችው አንዷ ትንሽ ዘንበል ብላለች። የአጎታችን ልጅ ነቅሎ ሊያስተካክላት ሲል እናቴ ጠፍጣፋ ጫማዋን አውልቃ ላዩዋ ላይ ቆመች።